አልፋ ሮሚዮ 156 ልገዛ ነው፣ ምን ምኑን ልይ?

ሜክሲኮ_12፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስታዲየም አካባቢ አንድ አልፋ 156 አግኝቻለሁ። 2.0 ትዊን ስፓርክ ሞተር፣ ማኑዋል፣ የ2000 እ.ኤ.አ. ስሪት። ኪሎ ሜትሩ 140,000 ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው መኪና ነው፤ ያ የኋላ በር እጀታው መስኮቱ ጥግ ተደብቆ ባለ ሁለት በር የሚያስመስለው ነገር እስካሁን ልቤን ይወስደዋል። ቤተሰብ ግን በሙሉ «ቶዮታ ግዛና ተኛ» እያለኝ ነው። የነዳችሁት ወይም የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ካንዴላ፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የታይሚንግ ቺንጋውን፣ ቫልቮቹን ከፒስተን ጋር እኩል የሚያስኬደውን ቀበቶ፣ ጠይቅ። ፋብሪካው መጀመሪያ በ120,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ብሎ ነበር፤ ከዚያ በፊት ስለሚበጠስ ግን ይህን ሞተር የሚያውቅ ሰው በ60,000 ይቀይረዋል። ብዙ ሳይነዳ የቆመ መኪናም ቺንጋው ያረጃል። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል፣ ወጪው መኪናውን ሊያስጠላህ ይችላል። ስለዚህ «ተቀይሯል» የሚል ወሬ አይበቃም፣ ደረሰኝ ይምጣ። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠረውና ከዋጋው ላይ ቀንስ። የውሃ ፓምፑና መወጠሪያው አብረው ይቀየራሉ። 2.0 ላይ ሁለተኛ ትንሽ ቺንጋም አለች፣ እሷን የሚረሳ መካኒክ አይጠፋም።

ሌላው፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቀድመህ ድረስ። ጠዋት ሂድና ኮፈኑን በእጅህ ንካው። ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ እንደ ናፍጣ ሞተር ቢንኳኳ ቫሪያተሩ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ዕቃ) ነው፣ ቺንጋው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ሞቆም ከታች ማንኳኳቱን ካልተወ ግን ጥለኸው ሂድ። ዘይቱንም እይ። ይህ ሞተር ዘይት ይጠጣል፤ ጎደለ አልጎደለ ብሎ የማያይ ባለቤት እጅ ከቆየ ተጎድቷል።

ማሂ_ፒያሳ፦
እኔ 4 ዓመት ነድቼዋለሁ፣ አሁንም ይናፍቀኛል። ካንዴላ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔን ያቃጠለኝ ግን ከስር ያለው ነው። መኪናው ዝቅ ያለ ስለሆነ የሞተሩ ሆድ፣ ዘይት የሚቀመጥበት፣ በየፍጥነት መቀነሻው ይመታል። የኔ ተሰንጥቆ በማጣበቂያ ተለጥፎ ነበር የተሸጠልኝ፣ ያወቅኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ጋራዥ ሊፍት ላይ አሰቅለህ በባትሪ መብራት እይ፣ ወለሉ ዝጎ እንደሆነም አብረህ ታያለህ። ጉድጓድ ሲነካ ከፊት እንደ አልጋ ከጮኸ የፊት ጎማዎቹን የሚይዙት የላይኞቹ ክንዶች አልቀዋል፣ ይህ የ156 የታወቀ ችግር ነው።

ከዚያ ከለገሃር ቸርችልን ይዘህ ወደ ማዘጋጃ ቤት ውጣ። የሙቀት መርፌው 90 አካባቢ መቆም አለበት። በ3ኛ ማርሽ ስትረግጠው ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ትንሽ ከደከመ ግን አትደንግጥ፣ በኛ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ጉልበት ያጣል። ዕቃ በተመለከተ ሶማሌ ተራ የቪትዝ እንደሚገኘው አይገኝም። እኔ ብዙውን በሰው ነው ያስመጣሁት።

ለገሃር77፦
ስለ ወረቀቱ ማንም አላነሳም እኮ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ራስህ አመሳክር። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን፣ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን አረጋግጥ። ይህ ሳይጣራ ቀብድ አትስጥ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» የሚለው ጥድፊያ በዝቷል።

ሜክሲኮ_12፦
በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። ኮፈኑ ሞቆ ጠበቀኝ። «ቤንዚን ልቀዳ ወጥቼ ነው» አለኝ። ነዳጅ መለኪያው ግን ቀዩ ላይ ነበር።

ካንዴላ፦
ነገ ሳትደውል ሂድ፣ ከ1 ሰዓት በፊት። ከፈለግክ እኔም አብሬህ እመጣለሁ፣ ቅርብ ነኝ።