ቴርሞፒሌ ግሪክን አድኗታልን?

የመከራከሪያው ጥያቄ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የስፓርታው ንጉሥ ሊዮኒዳስ በቴርሞፒሌ ጠባብ መተላለፊያ የፋርሱን ንጉሠ ነገሥት የዜርክሲስን ጦር ለሦስት ቀን መግታቱ የጦርነቱን ውጤት ለውጦታልን?

አንደኛ ተከራካሪ፦ በእኔ እምነት ለውጦታል። 7,000 ገደማ የሚሆን ጦር ተራራና ባሕር ያጠበቡትን በር ይዞ ያን የሚያህል ሠራዊት ሲያግት፣ ፋርሶች የማይደፈሩ አለመሆናቸው ታየ። ሊዮኒዳስና 300 ወታደሮቹ ባይሞቱ ኖሮ የግሪክ ከተሞች በአንድነት ለመቆም ልብ ባላገኙ ነበር።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ጀግንነቱን የሚክድ የለም፤ የተጠየቅነው ግን ስለ ውጤቱ ነው። ኤፊያልቴስ የተባለ የአካባቢው ተወላጅ በተራራው ላይ የሚዞረውን መንገድ ለፋርሶች ካሳየ በኋላ በሩ ተሰበረ፤ ዜርክሲስም ገስግሶ አቴናን ያዘ፣ በአክሮፖሊስ፣ በከተማይቱ አምባ ላይ፣ ያሉትን ቤተ መቅደሶችም አቃጠለ። ንጉሡን ወደ አገሩ የመለሰው በዚያው ዓመት መርከቦቹ በሳላሚስ መሸነፋቸው ሲሆን፣ በማርዶኒዮስ መሪነት ትቶት የሄደው እግረኛ ጦርም በ479 በፕላቴያ ተደመሰሰ።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ «300» የሚለው ቁጥር ራሱ ፍርደ ገምድል ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ ሊዮኒዳስ በመጨረሻው ቀን አብዛኛውን ጦር ሲያሰናብት ቴስፒያ ከተባለችው የግሪክ ከተማ የመጡ 700 ሰዎች በፈቃዳቸው ቀርተው አብረውት አልቀዋል። ስፓርታን ጠላት አልረገጣትም፤ ቴስፒያ ግን ተቃጠለች። በዓመቱ ለፕላቴያ ውጊያ የመጡት 1,800 ቴስፒያውያን የከባድ እግረኛ ትጥቅ እንኳ አልነበራቸውም። የተሰናበተው ጦር በፋርስ ፈረሰኞች ሳይያዝ የወጣው እነዚህ ኋላ ደጀን ሆነው ስለቀሩ ይመስለኛል፤ ጥቅም ነበረው ከተባለ ጥቅሙ ይኸው ነው፣ ዋጋውንም ከሁሉ አብልጣ የከፈለችው ትንሿ ቴስፒያ ናት።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ስለ ቴስፒያ በተባለው እስማማለሁ። ሆኖም ያ የዳነ ጦር በሳላሚስ አልወሰነም፤ በዚያ ከተሰለፉት የግሪክ መርከቦች ግማሽ ያህሉ የአቴና ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከላውሪዮን የብር ማዕድን የተገኘውን ገንዘብ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ሊከፋፈለው ሲል፣ መርከብ ይሠራበት ብሎ የተሟገተውና ያሳመነው የአቴናው መሪ ቴሚስቶክልስ ነው። እርሱ በዚያ ሸንጎ ተረትቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሊዮኒዳስ በሩን አንድ ወር ቢይዝ እንኳ አቴናውያን የሚዋጉበት መርከብ አይኖራቸውም ነበር።