«አንዲት ሴት ጎድላናለች» ከሚል ጥሪ ለመውጣት፦ የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ

ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተባባልነው ረቂቁን እዚህ እንጀምር። ፕሮፖዛሉ የሚሄደው ለኅዳሩ የቴክኖሎጂ ኮንፈረንስ አዘጋጅ ኮሚቴ ነው። ማኅበራችን ከተባባሪ አዘጋጆቹ አንዱ ስለሆነ የምንለው ይሰማል ብዬ አስባለሁ። ጉዳያችን መድረክ ላይ ወጥተው የሚናገሩ ሴቶች ማነስ ነው።

ያለፈውን ፖስተር ታስታውሳላችሁ። ሱፍ የለበሱ ወንዶች በክብ በክብ ፎቶ ተደርድረዋል። ከታች ጥግ ላይ አንዲት ሴት አለች። ከስሟ ሥር «መድረክ መሪ» ይላል። ሴቶች ጭራሽ የሉም ማለቴ አይደለም። የመክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ፣ ሰርተፊኬት ያድላሉ፣ «ሴቶች በቴክኖሎጂ» የሚለው ፓነል ላይ ይቀመጣሉ። ስለ ሰርቨር፣ ስለ ዳታ፣ ስለ ደኅንነት ሲወራ ግን ማይኩ ወንዶቹ ጋ ነው።

የመጀመሪያ ረቂቄ አጭር ነው፦ «ከተናጋሪዎቹ ሲሶው ሴቶች ይሁኑ።» ሐሳብ ስጡበት።

አባል፣ ሳይበር ደኅንነት፦

ዓላማውን አልቃወምም። ኮታው ግን አልተዋጠልኝም። ሲሶ ካልን ኮሚቴው ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ሁለት ቀን ሲቀረው ቁጥር ለመሙላት ስልክ መደወል ይጀምራል። የመጣችውም ልጅ «በኮታ ነው የገባችው» ትባላለች። ብቃት ይቅደም ባይ ነኝ።

አባል፣ የክፍያ ሲስተም፦

ወንድሜ፣ አሁንም እኮ የሚደወለው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እኔን ማክሰኞ ማታ ደወሉልኝ። ዝግጅቱ ሐሙስ ነበር። «አንዲት ሴት ጎድላናለች፣ እባክሽ እንዳትቀሪብን» አለኝ ልጁ፣ በትህትና። ስለ ምን እንደምናገር አልነገረኝም። ሄድኩ። አወያዩ አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ «ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደንበኛው ሁለቴ እንዳይቆረጥበት ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ጋ ሲደርስ «ሥራና ቤትን እንዴት አጣጣምሽው?» አለኝ። ያንን የክፍያ ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ። ልጁ ባልደረባዬ ነው፤ አፍሮ ወደ እኔ ዞረ። ማይኩ ግን አልፎ ሄዷል።

ለማወቅ ለምትፈልጉ፦ እያንዳንዱ የክፍያ ትዕዛዝ የራሱ መለያ ይዞ ይመጣል። መስመር ተቋርጦ ደንበኛው ደግሞ ሲጫን ሲስተሙ መለያውን አይቶ ያውቀዋል። አዲስ ገንዘብ አይቆርጥም፣ የቀድሞውን መልስ ይመልስለታል። ሲወራ ቀላል ነው። ጉዱ ያለው ሁለቱ ትዕዛዞች በአንድ ቅጽበት ሲገቡ ነው። በዚህ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ስጡኝ፣ እናገራለሁ። ስለ ቤቴ የማወራው የለኝም።

ብቃት ይቅደም ባልከው እስማማለሁ። አሁን እየቀደመ ያለው ግን ትውውቅ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦

ልጆች፣ እኔ ብዙ ፓነል ላይ ተቀምጫለሁ። እንዴት እንደምንጠራራ ልንገራችሁ። ኮሚቴው ማኪያቶ ይዞ ይሰበሰባል። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ወንድ ነው። «ስለ ዳታ ማን ይናገር?» ይባላል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ አብሮት ለተማረው ይደውላል። ክፋት አስቦ አይደለም። ስልኩ ውስጥ ያለው እሱ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያው ሰው፣ «አምና ጥሩ ተናግሯል» ተብሎ።

እና ሲሶ ብትሉም ግማሽ ብትሉም፣ ስልኩን የሚያወጣው ሰው ካልተቀየረ ምንም አይቀየርም።

አባል፣ ከባሕር ዳር፦

ጋሼ ያሉት ተጠንቷል። አርቱሮ ካሳዴቫልና ጆ ሃንደልስማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት አለ። የአሜሪካ ማይክሮባዮሎጂ ማኅበር በሁለት ትልልቅ ጉባኤዎቹ ያካሄዳቸውን 460 መድረኮች አይተዋል። አዘጋጆቹ ወንድ ብቻ በሆኑበት መድረክ ከተናጋሪዎቹ ሴቶቹ 25 በመቶ ነበሩ። ከአዘጋጆቹ መካከል አንዲት ሴት እንኳ ስትኖር 43 በመቶ ደረሱ። መስኩ ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። አጠራሩ ግን ያው የኛው ነው።

ሌላም ልጨምር። ኮሚቴዎች «ጠርተናቸው እምቢ ይላሉ» ሲሉ ሁልጊዜ ውሸታቸውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የአውሮፓ የሥነ ሕይወት ጉባኤ ላይ ከተጋበዙት ሴቶች ግማሾቹ አንመጣም ብለዋል። ከወንዶቹ 26 በመቶ ናቸው እምቢ ያሉት። ጥያቄው ለምን የሚለው ነው። እኔ ባለፈው የቀረሁት ልጄ ጡት ይጠባ ስለነበር ነው። ይዤው ልምጣ ብላቸው «አዳራሹ ለልጅ አይመችም» አሉኝ። ትኬቱም በራሴ ነበር። አሁን እንኳን አድጎልኛል፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል።

አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከዚህ ከአሜሪካ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ፓይኮን የፓይተን ፕሮግራመሮች ዓመታዊ ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከቀረቡት ንግግሮች በሴቶች የቀረቡት 1 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2012 7፣ በ2013 15፣ በ2014 33፣ በ2016 ደግሞ 40 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩን ይፋ ያደረገችው የጉባኤውን የብዝኃነት ሥራ ትመራ የነበረችው ጄሲካ ማኬላር ናት። ዘዴው ሰው በሰው መሄድ ነበር። ባለሙያዋን በስም ፈልጎ «ሐሳብሽን አስገቢ» ማለት። ካቅማማች ደግሞ መልሶ መጻፍ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ሠርቷል።

በርሊን ይካሄድ የነበረው የጃቫስክሪፕት ፕሮግራመሮች ጉባኤ፣ ጄኤስኮንፍ ኢዩ፣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የአመልካቾችን ስም ሸፍኖ መረጠ። ከተናጋሪዎቹ ሩቡ ሴቶች ሆኑ። ስም ከመሸፈኑ በፊት ግን ሴቶቹ እንዲያመለክቱ በግል ተጋብዘዋል። ይህ ተረስቶ «ስም መሸፈን ብቻ በቂ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ካላመለከተች ምኗ ይሸፈናል?

መጥፎ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. ለ2013 ማንቸስተር ላይ ታስቦ የነበረው የሩቢ ፕሮግራመሮች ጉባኤ፣ ብሪትሩቢ፣ ይፋ ያደረገው የተናጋሪ ዝርዝር ወንድ ብቻ ሆኖ ክርክር ሲነሳ ሳይካሄድ ተሰረዘ። በ2023 መጨረሻ ዴቭተርኒቲ የተባለ የኦንላይን ኮንፈረንስ በዓለም የሌሉ ሴቶችን ተናጋሪ አድርጎ ለጥፏል ተባለ። የተጋበዙት ተራ በተራ ጥለው ሲወጡ እሱም ቀረ። ቁጥር ለማሳመር መሯሯጥ መጨረሻው ይሄ ነው። በዚህ ላይ ከሳይበር ደኅንነቱ ወንድማችን ጋር ነኝ።

አባል፣ ሳይበር ደኅንነት፦

አመሰግናለሁ። እንግዲያው እኔም ትንሽ ልጠጋ። ስም መሸፈኑን ወድጄዋለሁ። ግን አዲስ አበባ ትንሽ ናት። የክፍያውን ሐሳብ ያለ ስም ብታመጡልኝ የማን እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ። ስለዚህ መራጮቹ መጀመሪያ ለየብቻ ነጥብ ጽፈው ያስገቡ፣ ውይይቱ ከዚያ በኋላ ይሁን። አንዱ «እሱን እኮ አውቀዋለሁ፣ ጎበዝ ነው» ካለ በኋላ ሌላው ሐሳቡን ለመናገር ይፈራል።

ኮታውን ደግሞ ከመድረኩ ወደ ጥሪው እናውርደው። በስም ከሚላኩት ግብዣዎች ግማሹ ለሴቶች ይሂድ። ከኮንፈረንሱ በኋላ ስንት ተጠሩ፣ ስንት አመለከቱ፣ ስንት ቀረቡ የሚለው ይለጠፍ። የት ጋ እንደሚንጠባጠብ ያኔ እናየዋለን።

አባል፣ የክፍያ ሲስተም፦

አሁን ተግባባን። ግን ሁሉም ያው ሰዎችን እንዳይጠራ። ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድን የመሠረተች ሰው ናት፤ ሁሉም ይጠራታል፣ ደግ ያደርጋል። ረድኤት አበበና ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሙያ ያሉ ጥቁሮችን የሚያሰባስበውን ብላክ ኢን ኤአይን ከመሠረቱት ናቸው። በየዓመቱ እነዚህኑ ስሞች ጠርተን «ሴቶች አሉን» ካልን አሥር ዓመት ሙሉ ባንክና ቴሌኮም ውስጥ ሲስተም ያቆሙትን ማን ያውቃቸዋል? ከነሱ መሃል ሊንክድኢን ላይ እንኳ የሌሉ አሉ። ዝርዝሩን ከየመሥሪያ ቤቱ ጠይቀን እናሰባስበው። እኔ ከባንኮቹ በኩል እጀምራለሁ።

አባል፣ አዲስ ተመራቂ፦

ሰላም፣ ብዙም ጽፌ አላውቅም። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው፣ ሠላሳ ደቂቃ ለእኔ ብዙ ነው። አሥር አሥር ደቂቃ የሚሰጥበት ክፍለ ጊዜ ቢኖር አመለክታለሁ። ከዚያ በፊት የሆነ ቅዳሜ ተሰብስበን እናንተ ፊት ብንለማመድ ደስ ይለኛል። ስላይድ ላይ አማርኛው ፊደል ሲበታተን፣ ፕሮጀክተሩ አልበራ ሲል፣ እንዲህ ዓይነቱን ሁሉ እዚያው እንጨርሰው።

ሁለተኛው የጥያቄ ሰዓት ነው። በአሥር አገሮች 250 የሚሆኑ የዩኒቨርሲቲ ሴሚናሮችን ያየ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ከጠየቀ በኋላ የሚጠይቁት ሴቶች ያንሳሉ። አወያዩ የመጀመሪያውን ዕድል ለሴት ቢሰጥ ወጪ የለውም። በዚያው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብለው የሚጀምሩ ወንድሞቻችን ላይ ደቂቃ ቢያዝባቸው እኛም እንተነፍሳለን።

ገንዘብ ያዥ፦

የመጨረሻውን ያለ ድምፅ ቆጠራ አጽድቄያለሁ።

አባል፣ ከባሕር ዳር፦

እኔም። የጉዞው ነገር ግን እንዳይዘለል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞንትሪያል በተካሄደው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ፣ ኒውሪፕስ፣ ላይ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው መቅረታቸውን ታስታውሳላችሁ። ሌላውን የዚሁ መስክ ጉባኤ አይሲኤልአርን በ2020 አዲስ አበባ ለማካሄድ የታሰበውም እንዲህ ያለው ችግር ስላለ ነው። ኮሮና መጥቶ ኦንላይን ሆነ፤ በኋላ በ2023 ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ያኔ «ችሎታ ሳይሆን ርቀት ነው የከለከለን» ስንል ነበር። ከባሕር ዳር፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ ለምትመጣ ልጅ አዲስ አበባም ርቀት ነው። የመሥሪያ ቤት ፈቃድ አለ፣ አልጋ አለ፣ ከእራት ፕሮግራም በኋላ በማታ መመለስ አለ።

ጸሐፊ፦

እሺ፣ እስካሁን የተባለውን ሰብስቤ አዲሱን ረቂቅ ከታች አስቀምጫለሁ። ሲሶ የሚለውን አንስቻለሁ።

«መራጭ ኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴት ባለሙያዎች ይኑሩ፤ ሥራቸውም ድምፅ መስጠት እንጂ ቃለ ጉባኤ መያዝ አይሁን። የንግግር ጥሪው ነሐሴ ላይ ይውጣ። በስም ከሚላኩ ግብዣዎች ግማሹ ለሴቶች ይላክ፤ በግብዣው ላይ የምትናገርበት ርዕስ ከሙያዋ ተነስቶ ይጻፍ። መራጮች ስም ሳያዩ ለየብቻ ነጥብ ይስጡ። የአሥር ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይያዝ፤ ማኅበሩ ቀደም ብሎ የልምምድ ቅዳሜ ያዘጋጃል። ‹ሴቶች በቴክኖሎጂ› የሚለው ፓነል ዘንድሮ ይቅር። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ተናጋሪዎች ትኬትና አልጋ፣ ልጅ ይዘው ለሚመጡ ሞግዚትና ክፍል፣ አምሽተው ለሚመለሱ ትራንስፖርት ይቻል። የተጠሩ፣ ያመለከቱና የቀረቡ ሰዎች ቁጥር ከኮንፈረንሱ በኋላ ይፋ ይሁን።»

ፓነሉ ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ። የሚቃወም ካለ ይናገር።

አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ፓነሉ ሙሉ በሙሉ ይቅር አልልም። አዳዲስ ልጆች የሚተዋወቁት እዚያ ነው። ግን ዋናው አዳራሽ ውስጥ ዋናው ንግግር ሲካሄድ ጎን ለጎን በትንሿ ክፍል መሆኑ ይቅር። ሰዓቱን ቀይሩት።

አንድ ነገር ግን ጎድሏል። የእኛ ወንዶች አባላት ወንድ ብቻ ባለበት ፓነል ላይ አንቀመጥም ብለው ይፈርሙ። እዚህ ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ። እምቢ ሲሉ ደግሞ የምትተካቸውን ሰው ስም ይዘው ነው።

አባል፣ ሳይበር ደኅንነት፦

ፈቃደኛ የሆነ ይፈርም እንጂ ግዴታ አይሁን። እኔ እፈርማለሁ። ስም ይዞ እምቢ ማለቱ ነው ደስ ያለኝ፤ እምቢታ ብቻውንማ አዘጋጁን ያስቀይማል።

ገንዘብ ያዥ፦

እኔም እፈርማለሁ፤ ለማንኛውም ጉልበቴም መድረክ መውጣት ሰልችቶታል።

አሁን ወደ ብሩ። ሞግዚት፣ ትኬት፣ አልጋ፣ ራይድ ብላችሁ ጻፋችሁ። ከየት? የኮንፈረንሱን በጀት አውቀዋለሁ። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አርማ የታተመበት ቦርሳ፣ እስክርቢቶ፣ ማስታወሻ ደብተር አለ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የመስታወት ዋንጫ አለ። ቤቴ ያሉትን አቧራ እየጠረግሁላቸው ነው። ዋንጫው በወረቀት ምስጋና ቢተካ የሞግዚቷና የራይዱ ይወጣል ብዬ እገምታለሁ። ትኬትና አልጋ ግን ከቦርሳው ነው መምጣት ያለበት። የቦርሳው ስፖንሰር በቀላሉ እሺ አይልም። አርማው የሚታይለት ቦርሳው ላይ ነው፣ የአውሮፕላን ትኬት ላይ አርማ አይለጠፍም። በፕሮግራሙ መጽሔትና በስክሪኑ ላይ «የተናጋሪዎችን ጉዞ የሸፈነው» ብለን ስሙን እንጽፍለታለን ካላችሁኝ ነገ ደውዬ እሞክራለሁ።

ጸሐፊ፦

ይጻፍለት፣ ረቂቁ ላይ ጨምሬዋለሁ። ፓነሉም ይቆይ፣ በሌላ ሰዓት ይሁን። ጋሼ የስፖንሰሩን መልስ እንደሰሙ እዚህ ያሳውቁን። እምቢ ካለም የጉዞውን አንቀጽ አላነሳም፣ «ገንዘቡ እየተፈለገ ነው» ብዬ እልከዋለሁ። ሐሙስ ማታ ለኮሚቴው ይሄዳል። ከዚያ በፊት ማስተካከያ ያለው እዚሁ ይጻፍ፤ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ይጠፋብኛል።