በ6 ፖይንት ሳትም ቢላ እና ቤላ አይለዩም፤ ምን ላስተካክል?

ጠያቂ፦ ለሱቅ የዋጋ ስቲከር የሚሆን የአማርኛ ፎንት በፎንትፎርጅ (የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። ኤሙ (የፎንቱ ሙሉ መጠን የሚለካበት ካሬ) 1000 አሃድ፣ የመስመሩ ውፍረት 60፣ የኃምሱ (እንደ ቤ ያለው) ቀለበት ውስጠኛ ክፍተት 46 ነው። በ12 ፖይንት ጥሩ ይታተማል። በ203 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 203 ነጥብ) ቴርማል ፕሪንተር፣ ማለትም በሙቀት በሚያትመው፣ 6 ፖይንት ላይ ግን ቢ እና ቤ አንድ ይሆናሉ፤ ሰ እና ሸም ይምታታሉ። መስመሩን ላቅጥነው?

ነቁጥ፦ አታቅጥነው። መጀመሪያ ሒሳቡን ሥራው። አንድ ፖይንት የኢንች 1/72 ስለሆነ 6 ፖይንት በ203 ዲፒአይ 17 ነጥብ ገደማ ነው፤ 1000ው ለ17 ሲካፈል አንዷ ነጥብ 59 አሃድ ትይዛለች ማለት ነው። ከዚያ የቀጠነ መስመር አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ያንተ 46 ደግሞ አንድ ነጥብ እንኳ ስለማይሞላ ይደፈናል። በዚያ ላይ የቴርማል ሙቀት ወደ ጎን ይሰፋል፤ ስለዚህ ለክፍተት ሁለት ነጥብ ያዝ። ውስጡን 120 ብታደርገው ቀለበቱ ከዳር እስከ ዳር 240 ይሆናል። ስክሪን ላይ አስቀያሚ ነው፣ አትደንግጥ። የቤን ስፋት ጨምርለት እንጂ ቀለበቱን ወደ ግራው እግር አትግፋው።

ካዕብ፦ የሸ ጉዳይ ሌላ ነው። ሰረዟ ከቅስቱ አናት ጋር ስለምትዋሃድ ወፍራም ሰ ትመስላለች። የቅስቱን ትከሻ ዝቅ አድርግና ሰረዟን ግራና ቀኝ አንዳንድ ነጥብ አሳልፋት። ቸ ላይም በሁለቱ አግድም ሰረዞች መካከል 120 ተው። ባ እና ቦ የሚለዩት ባጠረው እግር ብቻ ነው፤ ባ የግራው፣ ቦ የቀኙ። የእግሮቹ ልዩነት ከ3 ነጥብ፣ ማለትም ከ180 አሃድ ገደማ ካነሰ ባሌ ብለህ ጽፈህ ቦሌ ይነበብልሃል።

የማተሚያ ልጅ፦ ፎንቱን ከመንካትህ በፊት የፕሪንተሩን ዳርክነስ (የሕትመቱን ጥቁረት ማስተካከያ) ሁለት ደረጃ ቀንሰህ ሞክር፤ ግማሹ ችግር እዚያ ሊሆን ይችላል። ሀሁ ብለህ አትፈትን። በላ ቡላ ቢላ ባላ ቤላ ብላ፣ ሰማ ሸማ፣ ደገነ ጀገነ፣ ጠፈረ ጨፈረ ብለህ አትምና ለማያውቀው ሰው በክንድ ርቀት አስነብበው። የትንሹን መጠን ፎንት በሌላ ፋይል አስቀምጥ፤ ያ ቀለበት 24 ፖይንት ላይ ሲወጣ ያስጠላል።

ጠያቂ፦ ቤ ተለይቷል፣ አመሰግናለሁ። ጨ ግን አሁንም ጥቁር ጓል ነው። ስፋቱ እንደ ጠ 620 ነው።

ነቁጥ፦ አይበቃውም። ሁለት ቀለበት 480፣ የመሃል እግር 60፣ ግራና ቀኝ ክፍተት 240፤ ድምሩ 780። የዳርና ዳሩን ክፍት ቦታ ከዚህ ውጭ ቁጠረው።