በወገናችን ስኳር ያለበት ሰው ከሌለ፣ የልጄ ሕመም የዘር ዝንባሌ አለው የሚባለው እንዴት ነው?

እመ ሁለት (ሬሖቮት)፦
ጤና ይስጥልኝ። የ9 ዓመት ወንድ ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለበት ከታወቀ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ሐኪሙ ይህ ሕመም የሰውነት መከላከያ በገዛ ቆሽቱ ላይ ሲነሣ የሚመጣ እንደሆነና የዘር ዝንባሌም እንዳለበት አስረዳን። ከጎንደር የመጡት እናቴ ግን «በእኛ ወገን እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር ስኳር ያለበት አይገኝም» ብለው ነገሩን ወደ ባለቤቴ ወገን ገፉት፤ በዚያም ወገን ቢሆን ማንም የለም። በዘር የሚመጣ ከሆነ ከማን መጣ? የ4 ዓመት እኅቱንስ የዘር ምርመራ ላስደርግላት?

የቤተ ሙከራ ሰው፦
እናትዎም ሐኪሙም እውነታቸውን ነው። በዚህ ሕመም አዲስ ከሚያዙት 10 ሰዎች መካከል 9 ያህሉ ሕመሙ ያለበት ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የላቸውም። የሚወረሰው ሕመሙ ራሱ ሳይሆን ተጋላጭነቱ ነውና፣ ግማሹ ከእናት ግማሹ ከአባት መጥቶ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኝ ይችላል፤ ሁለቱም ወላጆች ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጤነኛ ሆነው ሊኖሩ ይችላሉ።

የተጋላጭነቱ ግማሽ ያህል የሚገኘው በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኤችኤልኤ በተባሉት ጂኖች ውስጥ ነው። እነዚህ ጂኖች የሚሠሩት ፕሮቲን በሴል ገጽ ላይ እንደ ትሪ ሆኖ የሌሎች ፕሮቲኖችን ቁራሽ ይዞ ቲ ሴል ለተባሉት የመከላከያ ሴሎች ያቀርባል። ትሪው ከሰው ሰው ይለያያል፤ የተለያየ ተሕዋሲ ሲመጣ ሁሉም ሰው በአንድነት እንዳይሸነፍ ያደረገው ይኸው ልዩነት ስለሆነ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። በ1987 እንደ ፈረንጆቹ እንደታየው ግን፣ ዲኪው ከሚባለው ትሪ በአንዱ ሰንሰለት ላይ 57ኛው ቦታ አስፓርቲክ አሲድ የተባለውን አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣት) የያዘ እንደሆነ በአመዛኙ ከዚህ ሕመም ይከላከላል፤ በቦታው ሌላ ሲተካ ተጋላጭነቱ ይጨምራል። አንዲት ቦታ ስትለወጥ የትሪው ጎድጓዳ ቅርጽ ይለወጣል፣ ለቲ ሴሎቹ የሚቀርበውም የኢንሱሊን (ቆሽት የሚሠራው፣ የደም ስኳርን የሚቀንሰው ፕሮቲን) ቁራሽ እንዲሁ።

የቀረው ተጋላጭነት ከ60 በላይ በሆኑ ሌሎች የዘረመል ስፍራዎች ተበትኗል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ጥቂት ነው። ከእነዚህ መካከል እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ የኢንሱሊን ጂን ራሱ ነው። ከጂኑ አጠገብ ያለ ተደጋጋሚ ቅንጣት አጭር ወይም ረጅም መሆኑ፣ ከደረት አጥንት ጀርባ በሚገኘው ታይመስ በተባለው እጢ ውስጥ ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚታይ ይወስናል። ቲ ሴሎች «ይህ የራሳችን ነው» ብለው የሚማሩት እዚያ ነው፤ ኢንሱሊንን በበቂ ያላዩት ኋላ እንደ ባዕድ ሊያጠቁት ይችላሉ።

መንትያው፦
እኔ ከአንድ እንቁላል የተገኘ መንትያ ወንድም አለኝ። ዘራችን አንድ ሆኖ ሳለ እኔ በ14 ዓመቴ ታመምሁ፤ አሁን 41 ዓመታችን ነው፣ እርሱ ግን እስከ ዛሬ ጤነኛ ነው። መንትዮችን ለረጅም ዘመን የተከታተለ ጥናት እንደሚያሳየው፣ አንዱ ከታመመ ሌላው እስከ 60 ዓመቱ ድረስ የመያዝ ዕድሉ 65 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ ወንድሜ ልደታችን በመጣ ቁጥር እኔን አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ስኳሬ ነው። ዘር ብቻውን ቢወስን ኖሮ ቁጥሩ 100 ይሆን ነበር። በፊንላንድና በድንበሯ ማዶ ባለችው የሩሲያ ካሬሊያ የሚኖሩት ሕዝቦች የኤችኤልኤ ዓይነታቸው ተቀራራቢ ሲሆን፣ ሕመሙ በፊንላንድ ልጆች ዘንድ ወደ 6 እጥፍ ይበዛል። እንደ ፈረንጆቹ ከ1984 እና ከ1991 ጉዞዎች በኋላ ከኢትዮጵያ እስራኤል በገባው ወገናችን ዘንድም ሕመሙ በዛ ብሎ መታየቱ ተመዝግቧል፤ አካባቢው የተለወጠ ሕዝብ ስለሆነ ተመራማሪዎች በዚህ ረገድ ተመልክተውታል።

እመ ሁለት፦
እናቴ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ረጋ አሉ። ታዲያ ትንሿን ምን ላድርግ?

የቤተ ሙከራ ሰው፦
በኢንተርኔት የሚሸጠውን የዘር ምርመራ አልመክርዎትም። አንደኛ፣ የተጋላጭነት ዓይነት የያዙት አብዛኞቹ ሰዎች ፈጽሞ አይታመሙም፤ የታመመ ወንድም ያላት ልጅ እንኳ የመያዝ ዕድሏ ከ20 አንድ ያህል ነው፣ ይህም ከሌላው ሰው ከ10 እጥፍ በላይ ቢሆንም። ሁለተኛ፣ የተጋላጭነት ውጤት ማስያ መለኪያዎቹ በአብዛኛው የተሠሩት በአውሮፓውያን ናሙና ነው። ዲአር 7 የተባለው የኤችኤልኤ ዓይነት በአውሮፓውያን ዘንድ ይከላከላል ሲባል፣ በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የሚገኝ ሌላ መልኩ ተጋላጭነትን ይጨምራል፤ በእነርሱ ዲአር 3 ከሚባለው አንዱ መልክ ደግሞ በተቃራኒው ይከላከላል። ስለዚህ ያልተመጠነላት ሚዛን ላይ ልጅቱን ማስቀመጥ ይሆናል።

የሚጠቅመው በቆሽት ላይ የተነሡ አንቲቦዲዎችን (የሰውነት መከላከያ የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች) የሚፈልገው የደም ምርመራ ነው። ዘር ዝንባሌን ይናገራል፤ አንቲቦዲ ግን ጥቃቱ መጀመሩን ይናገራል። ሁለትና ከዚያ በላይ ዓይነት ከተገኘባቸው ልጆች 70 በመቶ ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ይታመማሉ። ዛሬ ባይገኝባትም ምርመራው በየጊዜው ሊደገም ስለሚችል የጊዜውን ርቀት ከሐኪሟ ጋር ይወስኑ። ቴፕሊዙማብ የተባለው ሕመሙን የሚያዘገይ መድኃኒት በአሜሪካ በኅዳር 2022 እንደ ፈረንጆቹ ሲጸድቅ 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ነበር።

እስከዚያው ግን ልጅቱ ውኃ አልጠግብ ካለች፣ ሽንት ከበዛባት፣ ትታው የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ከጀመረች ወይም ከከሳች፣ የወንድሟን የስኳር መለኪያ ተጠቅመው በዚያው ሰዓት ከጣቷ ደም ስኳሯን ይለኩ፤ ከፍ ካለ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።