ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፦ አርብ ማታ አማቶቼን የት ልጋብዛቸው?

የሐዋሳ ልጆች፣ ጨንቆኛል። እዚህ ከመጣሁ ገና አራት ወር ቢሆነኝ ነው። የፊታችን አርብ የባለቤቴ ወላጆች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ እኔም ሳላስብ ሐይቅ ዳር አካባቢ ራት እጋብዛችኋለሁ ብያለሁ።

ስድስት ነን። እማማ አርብን አጥብቀው ይጾማሉ፣ ዓሣም አይነኩም። ጋሼ ግን በስኳሩ ምክንያት አይጾሙም፣ ሐዋሳ መጥተው ዓሣ ሳይበሉ ከተመለሱ ደግሞ ዓመት ሙሉ ያወሩብኛል።

መጀመሪያ ያሰብኩት የዓሣ ገበያውን አሞራ ገደልን ነበር፤ እሱ ግን የጠዋት ቦታ ነው፣ ለማታ አይሆንም። ስለዚህ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ለሙከራ ግቢው በጣም የሚያምር አንድ ቤት ሄድን። ዓሣ ጎላሽ አዘን ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ የጾም ምን አለ ስል ሽሮ ብቻ። ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ፦ ሜኑ ላይ ደምሬ 1,000 ብር ያልኩት 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት 1,265 ሆነ። (ከሜኑው ግርጌ በትንሹ ተጽፏል፣ አላየሁትም።) ሌላ ቤት ብደውል ለአርብ ማታ ቦታ አንይዝም አሉኝ።

ያለኝ ቫቱንም ሰርቪሱንም ጨምሮ 6,000 ብር ነው። ከለስላሳና ከውሃ ሌላ መጠጥ የለም። እማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ፎቅ አይወጡም።

በዚህ ብር፣ አርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ደህና በያይነቱም ትኩስ ዓሣም የሚያቀርብ፣ ተረጋግቶ የሚወራበት ቤት ሐይቅ ዳር የቱ ነው?