ሕክምና ያቋረጠውን ቤተሰብ እንዴት ልመልስ?

በደሴ ከተማ ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናት ቤተሰቦች በሚደግፍ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሥራዬ ለወላጆች የቀጠሮ ቀን ማስታወስና አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚጓዙት የትራንስፖርት ገንዘብ ማድረስ ነው።

የቸገረኝ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር የታመመው የሰባት ዓመት ልጃቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት መድኃኒት ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ የረገፈው ፀጉሩም በቅሎ ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ ስለጀመረ፣ አባትየው «አላህ ዐፊያ አድርጎታል፤ ጤነኛ ልጅ ለምን በመርፌ ይሰቃያል?» በማለት ሁለት ቀጠሮ አሳልፈዋል። ይህ ሕክምና ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚወስድ ሲሆን፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት ሊቀሩ ስለሚችሉ፣ ማቋረጡ በሽታው እንዲያገረሽ በር ይከፍታል። እናትየው ይህን ተረድተዋል፤ ባላቸውን መጋፋት ግን አልቻሉም። በአባትየው አልፈርድም፤ ለመጀመሪያው ጉዞ በሬያቸውን የሸጡት እሳቸው ናቸው።

በወሎ ልማድ እንዲህ ያለው ጉዳይ በሽማግሌ ይያዛልና፣ የሚያከብሯቸውን ሼህ ይዤ ቡና ላይ ብቀርብ የሚሰሙኝ ይመስለኛል። ሆኖም የማኅበራችን ደንብ የታማሚን ምስጢር ለሌላ ሰው መንገርን ይከለክላል፤ ቤተሰቡም የሕመሙን ስም ለጎረቤት አልተናገሩም። የእናትየው ፈቃድ ብቻ ይበቃኛል ወይስ አስቀድሜ አባትየውን ለብቻቸው ላነጋግር? ልጃችሁን አሳክማችሁ የጨረሳችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ እሳቸውን በስልክ ለማነጋገር ብትፈቅዱ እጅግ ይረዳኛል። ለቀጣዩ ቀጠሮ 12 ቀን ቀርቷል።