የባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን የጋራ ዕቅድ፦ ክንፍና ሞተር

ረቂቅ አዘጋጅ፣ ደሴ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በተሰጠኝ ኃላፊነት መሠረት የረቂቁን ሁለተኛ ክፍል አቀርባለሁ። መነሻ ያደረግሁት በአውሮፓ ለዚህ ዓይነት አውሮፕላን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየውን ወሰን ነው፤ ይኸውም ከነሰውና ከነነዳጁ 450 ኪሎ ግራም ክብደት፣ እንዲሁም ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚለው ነው። ለሁለት ሰው 170፣ ለ40 ሊትር ቤንዚን 29 ኪሎ ሲቀነስ ለአውሮፕላኗ ለራሷ የሚተርፈው 251 ኪሎ ነው። ባለ 80 የፈረስ ጉልበት ሮታክስ 912 ሞተርና 12 ካሬ ሜትር ክንፍ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አባል፣ ኮምቦልቻ፦
ሒሳቡ ንጹሕ ነው፤ የተሠራው ግን ለባሕር ዳርቻ ነው። የእኛ አውሮፕላን ማረፊያ 1,860 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሲሆን፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲገባ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው ወደ 77 በመቶ ስለሚወርድና ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚሳሳ፣ 80 የተባለው ጉልበት 59 አካባቢ ይሆናል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት በጭነት መኪና የወጣ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። በዚያ ላይ አየሩ ስለሳሳ ፍጥነት መለኪያው 65 ሲያነብ አውሮፕላኗ በእውነቱ የምትሄደው በ74 ነው፤ ስትነሣም ስታርፍም መንደርደሪያው ይረዝማል። ባለ 100 ጉልበቱን ብንወስድስ?

ረቂቅ አዘጋጅ፦
እርምቱን ከምስጋና ጋር ተቀብያለሁ። ባለ 100 ጉልበቱ 95 ኦክቴን (ቤንዚኑ በሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ያለው አቅም መለኪያ) ቤንዚን ይፈልጋል፤ ባለ 80ው በ90 ይሠራል። ከማደያ የምንቀዳውን ናሙና ሳናስመረምር ወደ እሱ መሄድ አይገባንም። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ ያለው ሮታክስ 914 ከፍታን ይቋቋማል፤ ይሁን እንጂ ይከብዳል፣ ዋጋውም ከአቅማችን በላይ ነው። እኔ የምመርጠው ክንፉን ወደ 15 ካሬ ሜትር ማስፋት ነው፤ 12ቱ በ65 ኪሎ ሜትር 450 ኪሎ የሚሸከመው ፍላፕ፣ ማለትም በክንፉ የኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል፣ ሲዘረጋ ብቻ ሲሆን፣ 15ቱ ግን ያለ ፍላፕ ስለሚችለው ከማጠፊያ፣ ከዘንግና ከገመድ ጣጣ እንገላገላለን። ሰፊ ክንፍ ነፋስ ያንገላታዋልና የሙከራ በረራው ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወሰን።

አባል፣ የብየዳ ባለሙያ፦
አካሉን በገበያ ቱቦላሬ እንሥራው ለሚሉ ወንድሞቼ፦ ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው ብረት ጥንካሬው በሰነድ ያልተረጋገጠ ነው፤ አንዱን ጫፉን ቆርጬ ስለካው ግድግዳው በአንድ ወገን ከሌላው ሳስቶ አግኝቼዋለሁ። ለመለማመጃ ይሁን፤ ለዋናው አካል ግን 4130 የሚባለው ክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት) ቱቦ ከነማረጋገጫው ይታዘዝ።

ሰብሳቢ፦
ሞተሩ ባለ 80፣ ክንፉ 15 ካሬ ሜትር ሆኖ ይመዝገብ። የክንፍ ፈተናም ይጨመር፦ አውሮፕላኗ የምትቋቋመው የክብደቷ 4 እጥፍ ጭነት በደኅንነት መጠባበቂያው በ1.5 ሲባዛ 6 እጥፍ ይሆናል። ክንፎቹ በአንድነት 70 ኪሎ ቢመዝኑ፣ የቀሪው 380 ኪሎ 6 እጥፍ 2,280 ነው፤ አየሩ ከሥር የሚገፋውን ለመተካት ክንፉ ተገልብጦ አሸዋ ስለሚጫንበት፣ በራሱ ክብደት የሚጨምረው 70 ሲቀነስ የሚጫነው 22 ኩንታል ያህል ነው። ባለ 50 ኪሎ 44 ማዳበሪያ ማለት ነው፤ ኮምቦልቻ ያላችሁ አባላት አሸዋውንና ሚዛኑን አዘጋጁ። ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚቀርበውን የፈቃድ ጥያቄ እኔ እጽፋለሁ።